የሥዕል ወጪ የት ይመዝገብ? ደብተር፣ ቴሌግራም፣ ኤክሴል ወይስ የሚከፈልበት መተግበሪያ

አንድ ሥዕል ሸጬ፣ በገንዘቡ ሸራና ቀለም ልገዛ ስሄድ አልበቃኝም። ወጪ መመዝገብ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ጊዜው የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 በኋላ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዋጋ ያወጣሁት ቀለሙን በገዛሁበት በድሮው ሒሳብ ነው። ከዚያ ወዲህ አራቱንም መንገድ ሞክሬያለሁ።

ደብተር ርካሽ ነው፣ መብራት ሄደ አልሄደ አይመለከተውም፣ ቀለም በነካው እጅም ይገለጣል። ስቱዲዮ ውስጥ እሱን የሚያህል የለም። ግን “ዘንድሮ ለፍሬም ብቻ ስንት አወጣሁ?” ብላችሁ ስትጠይቁት ካልኩሌተር ይዞ ገጽ በገጽ መደመር ነው፤ ከጠፋ ደግሞ ጠፋ።

ቴሌግራም ላይ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ለራስ መላክ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። መጥፎ አይደለም፤ የካሽ ሬጅስተር ወረቀት እየደበዘዘ መነበብ ያቅታል፣ ፎቶው ግን ይቆያል። ከሥሩ “#ቀለም” ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ። አይደምርም እንጂ።

እኔ የምመርጠው ኤክሴልን ወይም ጎግል ሺትስን ነው። ጎግል ሺትስ በነፃ ነው፣ ስልክ ላይ ይሠራል፣ አስቀድማችሁ ካስተካከላችሁት ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል። ዋናው ጥቅሙ ሁለት ዋጋ ጎን ለጎን ማስቀመጥ መቻሉ ነው፦ የገዛሁበትና ዛሬ ብገዛው የሚያወጣው። ሥዕሉን የምተምነው በሁለተኛው ነው። ያልተጨረሰ ቀለምስ? ቱቦውን ሥራ ስጀምርና ስጨርስ በኩሽና ሚዛን እመዝነዋለሁ። ለምሳሌ 150 ግራም ቀለም 900 ብር ከገዛሁና ለአንድ ሥዕል 40 ግራም ከወጣ፣ 240 ብር እዚያ ሥዕል ላይ ይጻፋል። ለአክሬሊክስ ቀለም ይሄ ዘዴ በደንብ ይሠራል፤ ሸራው ላይ አስቀድሞ ለሚቀባው ለጄሶና መጨረሻ ላይ ለሚቀባው ለቫርኒሽ ግን ይሄን ሁሉ ጣጣ ትቼ በግምት እጽፋለሁ።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ኤክሴል የኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ወሩን አስቀድማችሁ ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን “13/5/2016” ብላችሁ ብትጽፉ፣ እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ የፈረንጆቹ ሜይ 13 ሊያደርገው ይችላል። ወይ በፈረንጅ ቀን ያዙ፣ ወይ አምዱን ጽሑፍ አድርጉት።

እንደ አርትወርክ አርካይቭ ያሉ የሚከፈልባቸው መተግበሪያዎች ያምራሉ። የሥዕሉን ፎቶ፣ ያለበትን ቦታ፣ የትኛው ጋለሪ እንደወሰደውና የተሸጠበትን ዋጋ አንድ ላይ ይይዛሉ፣ ኢንቮይስም ያወጣሉ። ክፍያው ግን በየጊዜው የሚታደስና በዶላር ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው በብር ካርድ መክፈሉ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ነው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ሆኖ ሥራዎቹን ለተለያዩ ጋለሪዎች የሰጠ ሰዓሊ ቢገዛው አይቆጨውም። ሥዕሎቹ በሙሉ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያሉ ሰው ግን ምን ሊያደርግለት ነው?

እኔ አሁን ስሠራ ደብተር ላይ እጭራለሁ፣ ደረሰኙን ቴሌግራም ላይ እጥላለሁ፣ እሁድ ጠዋት ቡና እስኪፈላ ወደ ሺቱ እገለብጣለሁ። ሁለት እሁድ ካለፈኝ ግን የራሴን ጽሑፍ ማንበብ ያቅተኛል።