የኪትሊና የዎርዝ ሸለቆ የእንፋሎት ባቡር፦ ከአንድ የቀድሞ ባቡር ሠራተኛ ጋር የተደረገ ጉዞ

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር፣ ከኪትሊ ከተማ ተነሥቶ ኦክሰንሆፕ እስከምትባለው መንደር የሚዘልቀው የኪትሊና የዎርዝ ሸለቆ ባቡር መስመር ርዝመቱ 5 ማይል፣ ማለትም 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ስላጠረ መስመር በዝርዝር እንድጽፍ ያነሣሡኝ አብረውኝ የተጓዙት ሰው ናቸው። ሊድስ ውስጥ በር ለበር የምንኖረው አዛውንት ጎረቤቴ፣ እኔ በልቤ ጋሼ የምላቸው፣ በ15 ዓመታቸው በርንሊ ከተማ አጠገብ በነበረው የሮዝ ግሮቭ ዲፖ (ባቡር የሚጎትቱ ሎኮሞቲቮች የሚያድሩበትና የሚሰናዱበት ግቢ) በሎኮሞቲቭ አጣቢነት ተቀጠሩ፤ ቆይተው ከሾፌሩ ጎን እየቆሙ ከሰል በአካፋ ወደ ምድጃ የሚጨምሩ እሳት አንዳጅ ሆኑ፤ ዲፖው ለእንፋሎት እስከተዘጋበት እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ድረስም በዚያው ሥራ ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የእንፋሎት ባቡር ተሳፍረው እንደማያውቁ ሲነግሩኝ ትኬቱን እኔ ቆረጥኩ።

በ1948 የብሪታንያ የባቡር ኩባንያዎች በመንግሥት ሲወረሱ አዲሱ ድርጅት ከ20,000 በላይ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ተረክቦ ነበር። በ1955 የወጣው የማዘመኛ ዕቅድ እነዚህን ሁሉ በናፍጣና በኤሌክትሪክ ለመተካት ቢወስንም፣ ፋብሪካዎቹ አዳዲስ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች መሥራታቸውን እስከ 1960 ቀጠሉ። በዚያ ዓመት ከስዊንደን ፋብሪካ የወጣው የመጨረሻው፣ ‹ኢቭኒንግ ስታር› የተባለው፣ አምስት ዓመት አገልግሎ በ1965 ከሥራ ተሰናበተ። በኦገስት 1968 መጀመሪያ ላይ እንፋሎት የሚያሰማሩ ዲፖዎች ሦስት ብቻ ቀርተው ነበር፤ ካርንፎርዝ፣ ሎስቶክ ሆልና የጋሼ ሮዝ ግሮቭ፣ ሦስቱም በላንካሻየር። ኦገስት 4 ቀን ምሽት ለሦስቱም የመጨረሻቸው ሆነ። ከሳምንት በኋላ፣ ኦገስት 11 ቀን፣ ከሊቨርፑል ወደ ካርላይል ደርሶ የተመለሰው፣ ተሳፋሪው 15 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ መለኪያ) የከፈለበት የስንብት ጉዞ ተደረገ፤ በማግሥቱ በዋናው መስመር ላይ እንፋሎት ተከለከለ።

ይህን መስመር ከሌሎቹ ለይቼ እንድወደው ያደረገኝ ከነዚህ ቀናት ጋር ያለው ቁርኝት ነው። በ1867 የተከፈተው ቅርንጫፍ በ1962 ሲዘጋ የአካባቢው ሰዎችና የባቡር ወዳጆች ማኅበር አቋቁመው ለመግዛት ታገሉ፤ ተሳክቶላቸውም ጁን 29 ቀን 1968 የመጀመሪያውን ባቡራቸውን አስነሡ። ቀኑን ልብ በሉት። በላንካሻየር በኩል ምድጃዎቹ ሊጠፉ አምስት ሳምንት ያህል ሲቀራቸው ከተራራው ወዲህ ሌላ ምድጃ ተቀጣጠለ ማለት ነው። በኦገስት 4 ምሽት ከፕሪስተን ወደ ብላክፑል መንገደኞች ይዞ የሄደው ቁጥር 45212 ሎኮሞቲቭም ወደዚህ መስመር የመጣው በዚያው ዓመት ነው።

የሄድን ዕለት የጎተተን ቁጥር 78022 ነበር። በ1954 ተሠርቶ በ1966 የተጣለ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ብቻ! ብዙ አሥርት ዓመታት ሊያገለግል የሚችል ማሽን በአሥራ ሁለት ዓመቱ ደቡብ ዌልስ ባሪ ወደሚገኘው የቁርጥራጭ ብረት ግቢ ተላከ። እንደ ዕድል ሆኖ የግቢው ባለቤት የጭነት ፉርጎዎችን መቁረጥ ስላስቀደመ ሎኮሞቲቮቹ ለዓመታት ዝናብ እየመታቸው ቆሙ፤ ከነዚያ ውስጥ 213 በበጎ ሰዎች ገንዘብ ተገዝተው ከመቆረጥ ተረፉ። የእኛው አንዱ ነበር። ጥቁሩ ቀለም ፊትን እንደ መስታወት ያሳያል፤ የናሱ ቧንቧ ሁሉ ተወልውሏል፤ ከመንኮራኩሮቹ በላይ ያለው ቀጭን የቀይ መስመር እንኳ አንድ ቦታ አልተላጠም።

ጋሼ ግን ከጎኑ ቆመው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ብጠይቃቸው፣ በሥራ ዘመናቸው ይህን ያህል ንጹሕ ሎኮሞቲቭ አንድም ቀን አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለአጣቢነት የሚቀጠር ወጣት ጠፍቶ፣ ብረቱ ሁሉ በጥላሸትና በዘይት ተለብጦ፣ የሎኮሞቲቩን ቁጥር ለማንበብ አንድ ሰው በጨርቅ ያንን ቦታ ብቻ መጥረግ ነበረበት። የስም ሰሌዳዎቹ ተነቅለው፣ በየመገጣጠሚያው እንፋሎት እየሾለከ፣ ነገ ወደ ቁርጥራጭ ለሚሄድ ማሽን ማንም መለዋወጫ ማባከን አይፈልግም ነበር። አንዳንድ ሌሊት ከሩቅ ከተማ የመጡ ወጣቶች ጨርቅና ዘይት ይዘው ወደ ዲፖው ሾልከው ይገቡና፣ በማግሥቱ ፎቶግራፍ የሚያነሡትን አንዱን ሎኮሞቲቭ ሲያጸዱ ያድሩ ነበር፤ የሌሊት ተረኛው አለቃም እንዳላየ ያልፋቸዋል። ይህን ከሰማሁ በኋላ ዓይኔ ተለወጠ። ይህ አገልግሎት የሚያሳየን የእንፋሎትን ዘመን ክብር እንጂ የመጨረሻዎቹን ዓመታት መከራ አይደለም። እኔ ብጠየቅ አንዱን ሎኮሞቲቭ ከነጥላሸቱ፣ ቁጥሩ ብቻ ተጠርጎ፣ አንድ የበጋ ወቅት አሠራው ነበር፤ ያንን ዘመን ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፣ ያላየውም ይማርበታል።

ጉዞው ሲጀመር ግን የቀለሙ ጉዳይ ተረሳ። መስመሩ ኪትሊን እንደለቀቀ ጠምዘዝ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዳገቱ በየ60 ሜትሩ አንድ ሜትር ያህል ነው፤ ለመኪና ምንም ያልሆነው ይህ ዳገት ለባቡር ፈተና ነው። ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ያለው ፉርጎ ውስጥ መስኮቱን ከፍተን ተቀመጥን። መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ጭስ ማውጫው አራት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይቆጥሩ ነበር። አራቱ ትንፋሾች እኩል ከሆኑ እንፋሎቱን የሚያስገቡትና የሚያስወጡት ቫልቮች በደንብ ተስተካክለዋል ማለት ነው፤ አንዱ ቢደክም ጥፋቱ የት እንዳለ ልምድ ያለው ጆሮ ይለየዋል። ‹‹እኩል ነው›› አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በመንገድ ላይ ያጫወቱኝ ሁሉ ስለ ሥራው ነበር። እሳቱ በሩ ሥርና በኋላ ማዕዘኖቹ ወፈር፣ ወደ ፊት ሳሳ ብሎ መነጠፍ አለበት፤ ከሰሉም በአንዴ አይከመርም፣ ትንሽ ትንሽ እየተደጋገመ ይበተናል እንጂ። በመጨረሻው ዓመት የሚመጣላቸው ከሰል ግማሹ አቧራ ስለነበር እሳቱ ይታፈናል፣ የእንፋሎቱ ግፊት ይወርዳል፣ ከኋላቸው ግን ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሄድ ከባድ የከሰል ባቡር ተቀጥሏል። ለቁርስ አካፋውን በቦይለሩ የፈላ ውኃ አጥበው፣ ሥጋና እንቁላል ጥለውበት፣ ምድጃው አፍ ላይ ለአፍታ ይይዙታል፤ የሻይ ጣሳውም ከምድጃው በር በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ሙቀቱን እንደያዘ ይቆያል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣመ እንቁላል በልተው አያውቁም።

እኔ ደግሞ በተራዬ፣ እኛ ‹ባቡር› የምንለው ቃል መነሻው ፈረንጆች እንፋሎትን ከሚጠሩበት ቃል መሆኑን፣ በአገር ቤት የእህል ወፍጮውንም ባቡር እንደምንለው፣ ‹ፉርጎ›ም ከጅቡቲው መስመር ጋር የመጣ የፈረንሳይ ቃል እንደሆነ ነገርኳቸው። ቃሉን ደጋግመው አጠኑት፤ ቀሪውን መንገድ ሁሉ ‹ባቡር› እያሉ ነበር።

ስለ ጣቢያዎቹ ብዙ አልልም። ዳመምስ አንድ ፉርጎ የምታህል ትንሽ ጣቢያ ናት። ኦክዎርዝ ዛሬም በጋዝ ፋኖስ ይበራል፤ የድሮ የቆርቆሮ ማስታወቂያዎቹና የመጠበቂያ ክፍሉ የከሰል ምድጃ በቦታቸው አሉ። የደራሲዎቹ የብሮንቴ እኅትማማቾች መንደር ሃዎርዝ ላይ አብዛኛው ጎብኚ ይወርዳል፤ እኛ አልወረድንም። ትኬት ቆራጩ፣ ሾፌሩ፣ ጣቢያ አስተዳዳሪው አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ መስተንግዷቸው የቤት እንግዳ የሚቀበሉ ያህል ነው። አረጋዊ ይዛችሁ የምትሄዱ ግን የድሮ ፉርጎዎች ደረጃ ከፍ ያለ መሆኑን አስቡበት፤ ጋሼን ለማሳፈር እኔና አንድ ሠራተኛ ግራና ቀኝ መደገፍ ነበረብን።

ኦክሰንሆፕ ላይ ሎኮሞቲቩ ተፈትቶ በጎን ባለው ሀዲድ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሲዞር ጥቂት ደቂቃ ይገኛል። ጋሼ ሻዩን ትተው ወደ ሎኮሞቲቩ ሄዱ። የዕለቱ እሳት አንዳጅ ሃያ ዓመት ቢሆናት የሚያስገርም ወጣት ሴት ነበረች፤ ሮዝ ግሮቭ የሚለውን ስም ስትሰማ የእጅ ጨርቋን ወገቧ ላይ ሻጥ አድርጋ ከላይ ወረደች። ስለ ታሪክ አልጠየቀቻቸውም። ከሰሉ አቧራ ሲበዛበት እሳቱን እንዴት ያድኑት እንደነበር ነው የጠየቀችው። እሳቸውም ባዶ እጃቸውን አካፋ እንደያዘ ሰው አድርገው፣ ወገባቸውን ዝቅ፣ የግራ ክርናቸውን ወደ ውስጥ፣ መጨረሻ ላይ አንጓቸውን ጠምዘዝ እያደረጉ ሦስት ጊዜ አሳዩአት፤ እሷም አጠገባቸው ቆማ እንደሳቸው አደረገች። በመልሱ ጉዞ ዳገቱ ቁልቁለት ስለሆነ ብዙ ከሰል አያስፈልግም፤ ያም ሆኖ ከሃዎርዝ ስንነሣ ጋሼ አንገታቸውን በመስኮቱ ብቅ አድርገው የጭሱን ቀለም ተመለከቱና፣ ጭሱ እንደሳሳና እጇ እንደተስተካከለ ነገሩኝ።