ቤት ስትከራዩ «ተከራይ ቀድሞ ቢለቅ» የምትለዋን መስመር ሳታዩ እንዳትፈርሙ

ደብረ ብርሃን ላይ አፓርታማ ለመከራየት ያሰባችሁ፣ በተለይ አረጋዊ ወላጅ ወይም ታማሚ ይዛችሁ የምትገቡ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ።

ታላቅ ወንድሜ ለአባታችን ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየ። ውሉ የአንድ ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያው የስድስት ወር። ብዙም ሳይቆይ የአባባ የልብ ሕመም ጠና። ሐኪሙ «ብርዱም ከፍታውም አይስማማቸውም፣ ወደ ቆላ ቢወርዱ ይሻላል» አለን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው። ልቡ ለደከመ ሰው ደረጃ መውጣት ራሱ ፈተና ነው። ሸዋ ሮቢት ዘመድ ስላለን እዚያ ልንወስዳቸው ወሰንን።

አከራዩ የሐኪሙን ወረቀት አንብበው መለሱልንና የውሉን የመጨረሻ ገጽ ገለጡ። «ተከራይ ውሉ ሳያልቅ በማናቸውም ምክንያት ቢለቅ ቅድሚያ ክፍያው አይመለስም፤ በተጨማሪ የሦስት ወር ኪራይ መቀጫ ይከፍላል።» ከሥሩ ያለው መስመር ደግሞ አከራይ በአንድ ወር ማስታወቂያ ማስወጣት ይችላል ይላል። ለአከራይ አንድ ወር ይበቃዋል፣ ታማሚ ግን ይቀጣል! ይሄ ግፍ ነው።

ሕግ አለ፤ ግን ጠበብ ያለ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1793 ያልታሰበ ከባድ ሕመምን ከአቅም በላይ ሊባሉ ከሚችሉ ምክንያቶች ይቆጥረዋል። የሚለው ግን ግዴታ የገባውን ሰው ሕመም ነው። የታመሙት አባታችን፣ የፈረመው ወንድሜ። እዚህ ላይ ነው የተያዝነው። ሕመሙ ቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ደግሞ «ያልታሰበ ነው» ማለት ያስቸግራል። ቢሆንም ውሉ በከፊል ተፈጽሞ ከሆነ ፍርድ ቤት መቀጫውን ሊቀንስ ይችላል። «ፈርመሃል፣ ሙሉውን ክፈል» ሲሏችሁ እጅ አትስጡ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይከለክላል። በክልል ከተሞች አፈጻጸሙ በክልሉ ውሳኔ ስለሚሄድ፣ በምትከራዩበት ከተማ ሥራ ላይ መዋሉን ቤቶችን ከሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የስድስት ወር ክፈሉ ስትባሉ ቶሎ እሺ አትበሉ። አንዴ እጃችሁ የወጣን ብር ማስመለስ መከራ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አስጽፉ፦ «ተከራይ ወይም አብሮት የሚኖር የቤተሰብ አባል ታሞ፣ በሐኪም ማስረጃ መልቀቅ ግድ ቢሆን፣ የአንድ ወር ማስታወቂያ ሰጥቶ ያለ መቀጫ ይለቃል፤ ያልተኖረበት ኪራይ ይመለስለታል።» «አብሮት የሚኖር» የሚለው እንዳይቀር። ደላላው «ይሄ የተለመደ ፎርም ነው፣ ዝም ብለህ ፈርም» ይላችኋል። እሱ ኮሚሽኑን የሚወስደው በፊርማው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሳም። አከራዩ እምቢ ካሉ ቤቱን ተዉት። በየወሩ የሚከፈልበት፣ ደረጃ የሌለው ቤት ፈልጉ።

አሁን በመልቀቅ ላይ ያላችሁ ደግሞ የምትለቁበትን ቀን በጽሑፍ አስታውቁ፣ ቅጂውን ያዙ። የሐኪሙን ማስረጃ ዋናውን ለማንም አትስጡ። የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። ቁልፉን በእማኝ ፊት አስረክቡና ቀኑ የተጻፈበት ፊርማ ተቀበሉ።