ለበረሃ ኤሊ የብርድ ወራት መኝታ፦ የጓሮ ጉድጓድ፣ የጋራዥ ሣጥን ወይስ ፍሪጅ?

በአሜሪካ፣ በላስ ቬጋስና በፊኒክስ ከተሞች አካባቢ፣ የበረሃ ኤሊ የሚያሳድግ ሰው ኤሊዋን በጉዲፈቻ ይረከባል እንጂ አይገዛም፤ ሽያጯ በሕግ የተከለከለ ነው። ገንዘብ የሚወጣው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ ሳትበላ ለምትተኛበት ቦታ ነው። ይህ ቦታ ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት፤ ውርጭ ይገድላታል፣ ከ15 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ በደንብ ሳትተኛም ሳትነቃም በሰውነቷ ያከማቸችውን ስብ ትጨርሳለች።

ጤነኛና ለአካለ መጠን ለደረሰች ኤሊ እኔ የምመርጠው የጓሮ ጉድጓድ ነው፤ ምክንያቱም አፈሩ ራሱ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ያለዝባል። ብሎኬት፣ ወፍራም ኮምፔንሳቶና በጣሪያው ላይ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር የሚሆን አፈር ይበቃል፤ የጎርፍ ውኃ እንዳይገባ ግን መግቢያው ከአካባቢው መሬት ከፍ ማለት ይኖርበታል። በላስ ቬጋስ ካሊቼ የሚባለው እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ የአፈር ንብርብር ቁፋሮውን ስለሚያከብድ፣ ከቁሳቁሱ ይልቅ የጉልበቱ ዋጋ ሊበልጥ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ሌላው ጉድለቱ ኤሊዋን በየጊዜው አውጥቶ ማየት አለመቻሉ ነው።

ጓሮው ለቁፋሮ ለማይመች ወይም ቤት ለተከራየ ሰው የጋራዥ ሣጥን ይሻላል፤ ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ሲሆን ክትትሉ ግን ከሁሉም ይበዛል። አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ያሏቸው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት ሣጥኖች፣ በመካከላቸውም የተቀደደ ጋዜጣ፣ እንዲሁም የሌሊቱን ዝቅተኛና የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት መዝግቦ የሚያቆይ ቴርሞሜትር ያስፈልጋሉ። ሣጥኑ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ብሎ፣ ከቦይለር ርቆ፣ አይጥ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ኤሊዋ በተኛችበት ጋራዥ ውስጥ መኪና ማስነሳት አይገባም፤ ጭሱ ይመርዛታል።

ፍሪጅ ሙቀቱን በትክክል በመጠበቅ ይበልጣል፤ በአውሮፓም ለሜዲትራኒያን ኤሊዎች የተለመደ ነው። ሆኖም አየር እንዲገባ በሩን በየጥቂት ቀኑ መክፈት ግድ ነው፣ መብራት ሲጠፋም ሥራው ይስተጓጎላል፤ ትልቅ የበረሃ ኤሊም ለትንሽ ፍሪጅ አትመችም። የሚገዛ ሰው ምግብ የማይቀመጥበትን ለብቻው ያዘጋጅ፤ ኤሊዋን ከማስገባቱ በፊትም ለጥቂት ሳምንታት ባዶውን በቴርሞሜትር ይፈትነው።

ከአፍንጫዋ ፈሳሽ የሚወጣ ወይም የከሳች ኤሊ በሦስቱም መኝታዎች መተኛት ስለሌለባት፣ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት በመስከረም ወር የእንስሳት ሐኪም ይያት።