«ሚት ዘ አፕልጌትስ»፦ ሰው መስለው ጎረቤት የሆኑ ነፍሳት

በአማዞን ደን የሚኖሩ ግዙፍ ነፍሳት መኖሪያቸው በሰው እጅ ሲጨፈጨፍና ሲቃጠል ባዩ ጊዜ፣ ከመካከላቸው አንድ ቤተሰብ የሰው መልክ ይዞ አሜሪካ እንዲገባና የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እንዲያፈነዳ ይወስናሉ፤ የሰው ዘር ከጠፋ ምድር ለእነሱ ትቀራለችና። በፈረንጆቹ 1991፣ በእኛ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየው «ሚት ዘ አፕልጌትስ» የሚነሳው ከዚህ ነው። ዳይሬክተሩ ማይክል ሌማን ከዚያ ቀደም ብሎ «ሄዘርስ» በተሰኘው ፊልሙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ዓለም በመራራ ስላቅ አሳይቶ ስም ያተረፈ በመሆኑ፣ ይህኛውንም የሚያይ ሰው ከወዲሁ ብዙ ይጠብቃል።

ቤተሰቡ የሚሰፍረው ኦሃዮ ውስጥ፣ ሜዲያን በተባለች የፈጠራ ከተማ ነው። አባትየው ዲክ፣ እናትየው ጄን፣ ልጆቹ ጆኒና ሳሊ፣ ውሻቸው ደግሞ ስፖት ይባላሉ። አብዛኞቹ ስሞች የአሜሪካ ሕፃናት ለትውልድ ማንበብ ከተማሩባቸው የቆዩ የመማሪያ መጻሕፍት የተወሰዱ ናቸው፤ አባት ሥራ ሲሄድ፣ እናት በር ላይ ቆማ ስትሸኝ፣ ልጆች ከውሻቸው ጋር ሲቦርቁ ከሚታዩባቸው መጻሕፍት ማለት ነው። ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ቀልድ ይኸው ነው። ነፍሳቱ እንከን የሌለው ቤተሰብ ለመምሰል የተከተሉት ሰው ስለ ራሱ የሣለውን ሥዕል ስለሆነ፣ ሲስቁም ሲቀመጡም ከጎረቤቶቻቸው ሁሉ ይበልጥ «ትክክለኛ» ሆነው ይታያሉ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከአህያ ጋር የዋለችው ጊደር ምን ተምራ እንደመጣች የሚያውቅ አንባቢ አስቀድሞ ይገምተዋል። ጄን ክሬዲት ካርድ ከእጇ ከገባ ጀምሮ ዕቃ መግዛት ሱስ ይሆንባታል፤ ጆኒ ከሐሺሽ አጫሾች ጋር ይገጥማል፤ ኃይል ማመንጫው ውስጥ ተቀጥሮ ተልዕኮውን መፈጸም የነበረበት ዲክም ልቡ ወደ ጸሐፊዋ ይሸፍታል። ስሜታቸው ሲጋጋል መልካቸው ይከዳቸዋል፤ ምስጢራቸውን ያወቀ ሰውም በድር ተጠቅልሎ እዚያው ቤታቸው ይቀመጣል። አጥፊዎቹ ለጥፋት በመጡበት መንደር እነሱው ቀድመው መጥፋታቸው ነው እንግዲህ ስላቁ።

ይህን ፊልም መሐል አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ሳያነሳ አያልፍም፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ጎረቤት የት ነበር? አራት ኪሎ ወይም ጉለሌ ባለ ሰፈር አፕልጌቶች ሳምንት አይቆዩም ነበር። በገቡ ማግሥት ቡና ጠጡ ይባላሉ፣ የእድሩ ሰብሳቢ ስማቸውን መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ካልታዩ ደግሞ ለምን እንደቀሩ ይጠየቃሉ፤ ሦስተኛው ስኒ ሳይቀዳ አገራቸውንና የአያታቸውን ስም የሚያጣራ አንድ ሰው አይጠፋም። የሜዲያን ነዋሪ የሚያየው የተስተካከለ ሣርና የታጠበ መኪና ብቻ በመሆኑ እዚያ መደበቅ ይቻላል። የፊልሙ ሹል ትችት በእኔ ግምት ከኑክሌር ጣቢያውም ከደኑም ይልቅ በዚህ ላይ ያረፈ ነው። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስተው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም የገቡ፣ የፊት ለፊት በሩ የማን እንደሆነ ገና ያላወቁ ወዳጆቼ ባዩት ጊዜ የሳቁት ከእኔ ባነሰ ድምፅ ነበር።

ትወናው ከጽሑፉ ይሻላል። ዲክን የሚጫወተው ኤድ ቤግሊ ጁኒየር በገሃዱ ሕይወቱም ለአካባቢ ጥበቃ በመሟገት የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ያንን ቀጭንና ረጅም ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስበት ጥንቃቄ ልብሱ ሊፈታበት የሚፈራ ሰው ያስመስለዋል። ስቶካርድ ቻኒንግም የጄንን መበላሸት ደረጃ በደረጃ፣ ሳትቸኩልና ለሳቅ ስትል ሳትጮህ ታሳየናለች። የነፍሳቱ አካል የተሠራው በእጅ ነው፤ ኮምፒውተር የሚሠራውን ብቻ የለመደ ዓይን መጀመሪያ ላይ ቢስቅበትም፣ ክብደትና ጥላ ያለው ነገር ስለሆነ ቶሎ ይለመዳል።

ጉድለቱ ብዙ ነው። ከሁሉ የከፋው በሳሊ ላይ የሚደርሰው ጾታዊ ጥቃት ለቀልድ መንደርደሪያ መደረጉ ነው፤ ልጅቷ ራሷን መከላከሏ ጥቂት ቢያጽናናም ፊልሙ ጉዳዩን በሚገባው ክብደት አልያዘውም። የተባይ ማጥፋት ሥራ የሚሠራ ጎረቤት አጠገባቸው ማስቀመጡም ግሩም ሐሳብ ነበር፤ ፍሊት ይዞ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ሰው ከበረሮ ዘመዶች ጋር በአጥር ሲዋሰን ስንት ነገር ሊወጣው በተቻለ፣ ሆኖም በጥቂቱ ተነካክቶ ቀርቷል። ተልዕኮውን ለማስፈጸም አክስት ቢያ ሆኖ፣ የሴት ቀሚስ ለብሶ የሚመጣው ዳብኒ ኮልማን ብቻውን ቢያስቅም፣ ከእሱ መምጣት በኋላ ነገሩ ግርግር ይበዛበታል፣ ያ ቀዝቃዛና ንቁ ሽሙጥም ስለ ደን በሚሰጥ ስብከት ይተካል። ደን ሊጠበቅ እንደሚገባ ተመልካቹ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተረድቶታል፤ እንደገና ሊነገረው አይገባም ነበር።

ማየት ለሚፈልግ፣ መሐል ከተማ በፍላሽ ከሚገለብጡ ሱቆች ባንዱ ያገኘሁት ቅጂ ሰብታይትል የለውም፤ ንግግሩ ፈጣንና በአሜሪካ የዕቃ ስሞች የተሞላ ስለሆነ እንግሊዝኛው ለከበደው ሰው ግማሹ ቀልድ ያመልጠዋል። ሽፋኑ ላይ ያለው ፈገግተኛ ቤተሰብና ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መሆኑ የልጆች ፊልም ሊያስመስለው ይችላል፤ ሐሺሹም ዝሙቱም ያለበት ነውና ሕፃናት ከተኙ በኋላ ይከፈት።