«ሲቪላይዜሽን 3 ኮምፕሊት ከአሸናፊ መመሪያ ጋር» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰላም ጓደኞች። ሲቪላይዜሽን 3 ከተማ እየቆረቆሩ አገር የሚመሩበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ባለፈው ወር በእሱ ሰበብ 700 ብር ተበልቻለሁ። ሌላ ሰው እንዳይበላ ነው የምጽፈው።

ሻጩ በቴሌግራም ነው የሚሠራው። ጨዋታውን በፍላሽ፣ መመሪያውን ደግሞ በፒዲኤፍ ይሰጣችኋል። በቴሌብር ላክሁለት፣ መገናኛ ላይ ተገናኝተን ተቀበልሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ኮምፕሊት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ጨዋታ ብቻውን ነው። ኮምፕሊት የሚባለው የጨዋታውን ሁለት ማስፋፊያዎች፣ ማለትም በ2002 የወጣውን ፕሌይ ዘ ወርልድን እና በ2003 የወጣውን ኮንኬስትስን አብሮ የያዘው ነው።

ያወቅሁት እንዲህ ነው። መመሪያው «ዳር ያሉ ከተሞች ላይ ሕዝቡን ሲቪል ኢንጂነር አድርገው» ይላል። ከተማዋን ከፍቼ ነዋሪዎቹን አንድ በአንድ ነካሁ። አዝናኝ አለ፣ ግብር ሰብሳቢ አለ፣ ሳይንቲስት አለ። ኢንጂነር የለም። ኢንጂነርና ፖሊስ የመጡት ከኮንኬስትስ ጋር ነው። ሻጩን ስጠይቀው «ወንድሜ፣ ፍላሹ አንዴ ከተከፈተ አይመለስም» አለኝና ብሎክ አደረገኝ።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ እውነተኛውን ኮምፕሊት ገዛችልኝ። ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር ላይ መደበኛ ዋጋው 5 ዶላር ገደማ ነው። እኔም «ቢያንስ መመሪያው ይጠቅመኛል» ብዬ በእሱ መጫወት ጀመርሁ። የባሰው ኪሳራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የመመሪያው ዋና ምክር ሙስና ላይ ነው። «በሁሉም ከተማ ቤተ መቅደስ፣ ላይብረሪና ፍርድ ቤት ሥራ፣ ሙስና ይጠፋል» ይላል። አይጠፋም። በዚህ ጨዋታ ሙስና ሳንቲሙን ይበላል፣ ብክነት ደግሞ ጋሻውን፣ ማለትም ከተማዋ ሕንፃ የምትሠራበትን የምርት ነጥብ ይበላል። ሁለቱም የሚያድጉት ከተማዋ ከዋና ከተማው በራቀች ቁጥር እና የከተሞቻችሁ ብዛት ካርታው ከሚፈቅደው ባለፈ ቁጥር ነው። ኮንኬስትስ ላይ ጥግ ያለች ከተማ ከምታስገባው እስከ 90 በመቶው ይጠፋል። ፍርድ ቤት ይህን ጣሪያ ወደ 80 ያወርደዋል፣ በቃ።

አንዷን ከተማዬን ላሳያችሁ። ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ከዋና ከተማዬ በጣም ርቃ ያለች ናት። 10 ሳንቲም ታስገባለች፣ 10 ጋሻ ታመርታለች። ስከፍታት ረድፉ ከሞላ ጎደል ቀይ፣ ማለትም የጠፋ ነው፤ የሚተርፈኝ አንድ ሳንቲምና አንድ ጋሻ። ፍርድ ቤት 80 ጋሻ ይፈጃል። በአንድ ጋሻ 80 ተራ መጠበቅ ማለት ነው፣ ሙሉው ጨዋታ ደግሞ 540 ተራ ነው። ስለዚህ በወርቅ ላስቸኩለው አልኩ። የመጀመሪያዋ ጋሻ ከገባች በኋላ የቀሩት 79 ጋሻዎች በ4 ወርቅ ሲባዙ 316 ናቸው። ጋሻ ሳይገባ ከገዛችሁማ ዋጋው እጥፍ ነው፣ 640።

ከፈልሁ። ገቢዋ ከአንድ ወደ ሁለት ሳንቲም ከፍ አለ። ፍርድ ቤቱ ግን በየተራው አንድ ወርቅ ለጥገና ይወስዳል። ስለዚህ 316 ወርቅ ከፍዬ ያተረፍሁት አንድ ጋሻ ብቻ ነው። ቤተ መቅደሱም አንድ፣ ላይብረሪውም አንድ ይበላሉ። ላይብረሪ ለሳይንስ ከሚገባው ላይ 50 በመቶ ነው የሚጨምረው፤ የሁለት ሳንቲም 50 በመቶ ምን ሊሆን ነው? ሦስቱ ሲደመሩ ከተማዋ ሁለት አስገብታ ሦስት ታስወጣለች። እኔ ይህንን 12 ከተሞች ላይ ነው ያደረግሁት። ግምጃ ቤቱ ባዶ ሲሆን ጨዋታው ራሱ ሕንፃዎቼን መሸጥ ጀመረ፤ ያውም ከመሃል ከተሞቼ።

ፍርድ ቤት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። መካከለኛ ርቀት ላይ ያሉ፣ ከሚያስገቡት ግማሽ ያህሉ የሚጠፋባቸው ትልልቅ ከተሞች ላይ በደንብ ያዋጣል። እነሱ ላይ ቶሎ ሥሩት።

ዳር ላሉት ሌላ መንገድ አለ። ሙስና ምግብን አይነካም። የሳይንቲስትና የግብር ሰብሳቢ ሥራንም አይነካም። ስለዚህ መሬቱን በሙሉ መስኖ አልብሱት፣ የተረፈውን ሕዝብ ሳይንቲስት አድርጉት። ኮንኬስትስ ላይ አንድ ሳይንቲስት 3፣ አንድ ግብር ሰብሳቢ 2 ይሰጣል። ሦስት ሳይንቲስት ያላት መናኛ ከተማ 9 የሳይንስ ነጥብ ታስገባለች፣ ያለ አንዳች ሕንፃ።

ፎርቢደን ፓላስ የሚባለው የጨዋታው ሕንፃ ላይም መመሪያው አሳስቶኛል። «ከዋና ከተማው በጣም አርቀህ ሥራው፣ ሁለተኛ ዋና ከተማ ይሆንሃል» ይላል። ይህ ለ2001ዱ ጨዋታ ልክ ነው። ኮንኬስትስ ላይ ግን አሠራሩ ተቀይሯል። ርቀቱን ያቃልላል፣ የሚፈቀደውን የከተማ ብዛትም ከፍ ያደርጋል፤ አካባቢውን ግን እንደ ድሮው እንደ አዲስ መሃል አገር አያደርገውም። ማለትም መመሪያው ከሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ተቀዳድቶ የተለጠፈ ነው። ጀማሪ ሰው ይህን በምን ያውቃል?

ከማንም ስትገዙ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት የጨዋታውን የመንግሥት ዓይነቶች ዝርዝር ስክሪንሾት ጠይቁ። ፊውዳሊዝምና ፋሺዝም ከሌሉበት ኮንኬስትስ የለበትም። ሱሜሪያን፣ ማያና ኢንካም ከሕዝቦቹ ዝርዝር መኖር አለባቸው። ስክሪንሾት አልልክም ካላችሁ ተዉት። ካርድ ያለው ዘመድ ካላችሁ ደግሞ እሱን ለምኑት።

ትናንት ማታ 12ቱም ከተሞች ላይ ፍርድ ቤቱንና ላይብረሪውን ሸጥኩ። በአንድ ተራ ከአንድ ከተማ አንድ ሕንፃ ብቻ ነው የሚሸጠው፣ ስለዚህ ሁለት ተራ ፈጀብኝ። የነዋሪውን ግማሽ ያህል ወደ ግብር ሰብሳቢነት አዞርሁ። ግምጃ ቤቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ፕላስ ምልክት አሳየኝ።