አዲሱ አይፓድ ፕሮ፣ አይፓድ ኤር ወይስ ጋላክሲ ታብ ኤስ11?

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ሲመጣ 13 ኢንቹን አዲሱን አይፓድ ፕሮ ይዞ መጣ። ከቦርሳው አውጥቶ ሲያቀብለኝ ባዶ ኮቨር የሰጠኝ መስሎኝ በአንድ እጄ ወርወር አድርጌ ያዝኩት። «ኧረ ቀስ!» ብሎ ጮኸ። ውፍረቱ 5.1 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ 579 ግራም፤ ግማሽ ኪሎ ቡና ከነማሸጊያው እንደማለት ነው። በ2010 የወጣው የመጀመሪያው አይፓድ 13.4 ሚሊ ሜትር ይወፍር ነበር፤ ያውም ስክሪኑ 9.7 ኢንች ብቻ ሆኖ። ያን ቀን ዶሮ ወጥ ቀርቦ እጄን የታጠብኩት ሦስቴ ከተጠራሁ በኋላ ነው።

እኔ በዕቃ ቶሎ የምደነቅ ሰው አይደለሁም። ስልክ በየዓመቱ ይወጣል፣ ካሜራው ትንሽ ይሻሻላል፣ ዋጋው ብዙ ይጨምራል፣ በቃ። ይሄኛው ግን አስደነገጠኝ። ቢሆንም «ወደድኩት» ሌላ፣ «ግዙት» ሌላ ነው። ስለዚህ በ2025 ከወጡት ታብሌቶች ሰው ብዙ የሚጠይቀኝን ሦስቱን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ዋጋውም ታክስ ሳይጨመር ሲወጡ የነበረው የአሜሪካ መነሻ ዋጋ ነው። በቅንፍ ያሉት ኤም5 እና ኤም3 የውስጣቸው ቺፕ ስም ናቸው፤ 11 ደግሞ የአይፓዶቹ ስክሪን ኢንች። አዲስ አበባ ሲደርስ ስንት እንደሚሆን የሚያውቀው ሻጩና ፈጣሪ ነው።

| | አይፓድ ፕሮ 11 (ኤም5) | አይፓድ ኤር 11 (ኤም3) | ጋላክሲ ታብ ኤስ11 |
|---|---|---|---|
| የወጣው | ኦክቶበር 2025 | ማርች 2025 | ሴፕቴምበር 2025 |
| ስክሪን | ድርብ ኦሌድ፣ 120 ሄርዝ | ኤልሲዲ፣ 60 ሄርዝ | አሞሌድ፣ 120 ሄርዝ |
| ራም | 12 ጊጋ | 8 ጊጋ | 12 ጊጋ |
| መነሻ ስቶሬጅ | 256 ጊጋ | 128 ጊጋ | 128 ጊጋ እና የሚሞሪ ካርድ ቦታ |
| ውፍረት | 5.3 ሚ.ሜ | 6.1 ሚ.ሜ | 5.5 ሚ.ሜ |
| ክብደት | 444 ግራም | 460 ግራም | 469 ግራም |
| እስክሪብቶ | ለብቻው፣ 129 ዶላር | ለብቻው፣ 129 ዶላር | ካርቶኑ ውስጥ አለ |
| ዋጋ | 999 ዶላር | 599 ዶላር | 800 ዶላር ገደማ |

ስክሪኑ ላይ ትንሽ እንቆይ

የፕሮውን ስክሪን ባላየው ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ኦሌድ ስክሪን ላይ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ብርሃን ታወጣለች። ጥቁር መሆን ሲኖርባት ጭራሽ ትጠፋለች። ስለዚህ ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ግራጫ አይደለም። ችግሩ ኦሌድን ሁልጊዜ በጣም ደምቆ እንዲበራ ካስገደዳችሁት ቶሎ ያረጃል። አፕል ምን አደረገ? ሁለት ኦሌድ አንዱን በሌላው ላይ አነባበረ። አነባበሮ በሉት። ሁለቱ ሥራውን ይከፋፈሉታል፤ አንዱም ብዙ ሳይደክም ብርሃናቸው ይደመራል። ሙሉ ስክሪኑ 1000 ኒት ይደርሳል። ኤችዲአር ቪዲዮ ላይ (የደማቁና የጨለማው ልዩነት የሰፋበት ማለት ነው) ደማቁ ቦታ እስከ 1600 ይወጣል። 11 ኢንቹ ኤር ግን 500 ላይ ይቆማል። ኒት የብርሃን መለኪያ ነው። ልዩነቱ ቤት ውስጥ ብዙም አይታወቃችሁም። ቀትር ላይ በረንዳ ላይ ስትቀመጡ ነው የሚገባችሁ፤ በአንዱ ታነባላችሁ፣ በሌላው የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ።

ሳምሰንግ በስክሪን ሥራ አይታማም። የታብ ኤስ11 አሞሌድ ስክሪን ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ጥቁሩም ጥቁር ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ካላስቀመጣችኋቸው በቀር ከፕሮው ምን ጎደለው ብላችሁ አትጠይቁም።

ኤሩን በተመለከተ አንድ ነገር ያናድደኛል። ሄርዝ ማለት ስክሪኑ በሰከንድ ውስጥ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያድስ ነው። 120 ሲሆን ጽሑፍ ወደ ላይ ስታሸራትቱ ውኃ ይመስላል። እስክሪብቶውም መስመሩን ከእጃችሁ ጋር እኩል ይስላል። በ600 ዶላር ዕቃ ላይ 60 ሄርዝ ማስቀመጥ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ስስት ነው። ግን ከ120 ጋር ለምዳችሁ የማታውቁ ከሆነ አይታወቃችሁም። ስለዚህ ኤር ልትገዙ ካሰባችሁ ፕሮውን ሱቅ ገብታችሁ አትንኩት። የምሬን ነው።

የሲኖትራክ ሞተር ባጃጅ ላይ

ኤም5 የሚባለው ቺፕ አፕል በዚያው ሰሞን ባወጣው 14 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ውስጥ ያለው ነው። የላፕቶፕ አንጎል በዚህ ቅጥነት ውስጥ ተከቷል፤ ማራገቢያ እንኳ የለውም። የአክስቴ ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ይሠራል። የአራት ሰዓት ቀረጻ ከፍቶ ወደፊት ወደኋላ ሲጎትተው አንዴም አልተንገዳገደም። የእኔ ላፕቶፕ እንዲያ ቢደረግበት እንደ ፕሬሸር ድስት ይጮሃል።

ግን አይፓድ ፕሮ ለዓመታት የሚታማበት አንድ ነገር ነበር። በ2021 ኤም1 ቺፕ ሲገባለት ጉልበቱ ከማክ እኩል ሆነ። የሚሠራበት ሲስተም ግን የትልቅ ስልክ ሲስተም ነበር። የሲኖትራክ ሞተር ባጃጅ ላይ መግጠም ማለት ይሄ ነው። ሞተሩ ያጓራል፤ ጎማው ሦስት ነው።

አሁን የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። በሴፕቴምበር 2025 የወጣው አይፓድ ኦኤስ 26 የሚባለው ሲስተም መስኮቶችን እንደ ኮምፒውተር እንድትከፍቱ ይፈቅዳል። ታሳንሷቸዋላችሁ፣ ታነባብሯቸዋላችሁ፣ ወደ ጥግ ትገፏቸዋላችሁ። ከላይ ሜኑ አለ። ፋይሎች በደንብ ይታያሉ። ቪዲዮ ኤክስፖርት እየተደረገ ሌላ ሥራ መሥራት ይቻላል፤ ድሮ መተግበሪያውን ለቅቃችሁ ስትወጡ ሥራው ይቆም ነበር። ዩቲዩብ ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ማይክ ሰክታችሁ የትኛው ማይክ እንደሚቀዳ መምረጥ ትችላላችሁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ስንት ሰው ግን በዚህች ምክንያት ላፕቶፕ ተሸክሞ ይዞራል!

እኔን ያስደሰተኝም የሚገርመውም ይሄ ነው፤ ይሄ ሁሉ ለኤርም ይሠራል። በ2021 ለወጣው ኤም1 ፕሮም ጭምር ይሠራል። አይፓድ በመጨረሻ ኮምፒውተር መምሰል ጀመረ ስንል፣ 999 ዶላር ለከፈለው ብቻ አይደለም ማለት ነው። ፕሮው ላይ የምትጨምሩት 400 ዶላር በአብዛኛው የስክሪኑ ዋጋ ነው። የቺፑን ልዩነት የሚያገኘው ረጅም ቪዲዮ የሚቆርጥ፣ ብዙ ሌየር ያለው ሥዕል የሚስል ወይም ሦስት አቅጣጫ ያለው ዲዛይን የሚሠራ ሰው ነው። ፒዲኤፍ ለሚያነብና ኔትፍሊክስ ለሚያይ ሰው ኤም3 ራሱ ትርፍ ነው።

ለሥዕል ሰዎች ግን አንድ ነገር ልበል። ፕሮክሪኤት የሚባለው የሥዕል መተግበሪያ ያለው አይፓድ ላይ ብቻ ነው። አንዴ 13 ዶላር ገደማ ትከፍላላችሁ፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። የአማርኛ ፎንት አስገብታችሁ ፊደል ማስዋብ ይቻላል። ለፖስተርና ለመጽሐፍ ሽፋን ሠሪ ይሄ ብቻውን አይፓድ ያስገዛል።

ሳምሰንግ የሚያሸንፍበት ቦታ

የታብ ኤስ11ን ካርቶን ስትከፍቱ እስክሪብቶው አብሮ አለ። ጠይቃችሁ አይደለም፣ ተጨማሪ ከፍላችሁም አይደለም። አፕል ጋ ፔንስል ፕሮ 129 ዶላር፣ ማጂክ ኪቦርድ ደግሞ ለፕሮው 299፣ ለኤሩ 269 ዶላር ነው። ደምሩት። ፕሮው 1427 ይገባል፤ ኤሩ 997። ማክቡክ ኤር በ2025 ኪቦርዱ አብሮት ተሠርቶ 999 ዶላር ነበር። ስለዚህ ዋና ሥራችሁ መጻፍ ከሆነ ታብሌት ላይ ኪቦርድ ከመለጠፍ ላፕቶፕ ግዙና ተገላገሉ።

ታብ ኤስ11 አይፒ68 የሚባል የውኃና የአቧራ መከላከያ አለው። አይፓዶቹ የላቸውም። የሚሞሪ ካርድ እስከ 2 ቴራ ይቀበላል። ፊልም፣ መዝሙር፣ የትምህርት ቪዲዮ ካርድ ላይ ጭኖ መዞር ለለመደ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አይፓዶቹ ፍላሽ በዩኤስቢ ሲ ያነባሉ፤ ግን ፍላሹ ጎን ለጎን ተንጠልጥሎ ነው። ሳምሰንግ ለሰባት ዓመት ሲስተሙን እንደሚያድስም ቃል ገብቷል። ዴክስ የሚባለውን ስታበሩት ደግሞ መስኮት በመስኮት ትሠራላችሁ። ሳምሰንግ ይሄን ከአይፓድ ኦኤስ 26 ዓመታት ቀድሞ ነው ያደረገው፤ የሚያወራለት ሰው አጥቶ እንጂ።

ድክመቱ መተግበሪያዎቹ ላይ ነው። አንድሮይድ ላይ ብዙ መተግበሪያ አሁንም ታብሌት ላይ ሲከፈት የተለጠጠ ስልክ ይመስላል።

አማርኛ፣ መብራት፣ ቴሌ

አማርኛ መጻፍ በሦስቱም ይቻላል። ልዩነቱ በድምፅ ሲሆን ነው። ሳምሰንጉ ላይ የጉግል ኪቦርድን ጭናችሁ በአማርኛ ብታወሩ ይጽፍላችኋል። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ ያስገባው በ2017 ነው። ስም ላይ ይሳሳታል፣ ነጠላ ሰረዝ አያውቅም፣ ግን ረጅም መልእክት ላለው ሰው ጣት ያሳርፋል። የአፕል የድምፅ ረዳት ሲሪ አማርኛ አትሰማም። አፕል ኢንተለጀንስ የሚባለው የአፕል ኤአይም እንደዚያው።

አገር ቤት ሆናችሁ አይፓድ ስትገዙ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። አፕ ስቶር ኢትዮጵያን በአገርነት ስለማያውቃት ሰዉ አካውንቱን በሌላ አገር ስም ነው የሚከፍተው፤ አብዛኛው በአሜሪካ። መክፈያ ካርድ ከሌላችሁ ነጻ የሆኑት ላይ ትቆማላችሁ። ውጭ ዘመድ ካላችሁ የዚያን አገር የስጦታ ካርድ ኮዱን እንዲልኩላችሁ ንገሯቸው።

ሲም የሚወስደውን ለምትፈልጉ፣ የፕሮውም የኤሩም የሲም ቀዳዳ ቀርቷል፤ ኢሲም፣ ማለትም ካርድ የሌለው ዕቃው ውስጥ የተሠራ ሲም፣ ብቻ ነው። ኢሲም ከቴሌ ማውጣት ይቻላል። የሳምሰንጉ 5ጂ ሞዴል ግን የተለመደውን ሲም ይቀበላል። እኔ ብሆን ዋይፋይ ብቻ ያለውን ገዝቼ ከስልኬ ሆትስፖት አበራለታለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፤ ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ ጂፒኤስ የለውም። መኪና ላይ ለካርታ አስባችሁት ከሆነ ከወዲሁ እወቁት።

መብራት ሄድ መለስ ለሚልበት ሰፈር ፕሮው ጥሩ ዜና አለው። 60 ዋት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ቻርጀር 11 ኢንቹ በ30 ደቂቃ ግማሽ ይሞላል። አሜሪካ የሚሸጠው ይዞት የሚመጣው ቻርጀር ግን ይህን አይችልም። አውሮፓ የሚሸጠው ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ ቻርጀር የለውም። ከጀርመን ወይም ከጣሊያን የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ቻርጀር እንዲጨምር ንገሩት።

ታዲያ የቱን?

ቪዲዮ ወይም ሥዕል እንጀራችሁ ከሆነ ፕሮውን ግዙ። ሌላ ነገር አላወራም። 13 ኢንቹ 1299 ዶላር ነው፤ ለሥዕል ልዩነቱ ይታያል፣ ለሌላው 11 ይበቃል።

ቤት ውስጥ አይፎን ካለ፣ ልጆቹም እናትየውም በየተራ የሚይዙት ከሆነ፣ ኤር። ማስታወሻ በእጅ የሚጽፍ ተማሪ ከሆነ ግን ያለ ማመንታት ታብ ኤስ11፤ እስክሪብቶው ተከፍሎበታል፣ ስክሪኑም 120 ሄርዝ ነው።

ይህ ሁሉ ከአቅም በላይ ነው ለሚል ደግሞ በ2025 ሲወጡ 350 ዶላር አካባቢ የነበሩ ሁለት አሉ፤ ኤ16 ቺፕ ያለው ተራው አይፓድና ጋላክሲ ታብ ኤስ10 ላይት። ሁለቱም 128 ጊጋ ናቸው። ላይቱ እስክሪብቶና የሚሞሪ ካርድ ቦታ አለው፣ አይፓዱ ፈጣን ነው። ቴሌግራም ላይ የተከማቸ ፒዲኤፍ ለማንበብ ከሆነ ላይቱን እመርጣለሁ።

አንድ መንገድ ግን ይቀራል። የኤም4 ፕሮ፣ በሜይ 2024 የወጣው፣ ያንኑ አካልና ያንኑ ድርብ ኦሌድ ይዟል። አዲሱ ኤም5 ስለወጣ ብቻ ያገለገለው ኤም4 ዋጋው ይወርዳል። እኔ ዓይኔን የጣልኩት እሱ ላይ ነው። «ስላይትሊ» ከሚሏቸው ዕቃዎች ስትገዙ ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊታችሁ ከአይክላውድ፣ ማለትም ከአፕል አካውንቱ፣ ይውጣ፣ ዕቃው ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰረዝ፣ እንደ አዲስ ይነሳ። ሲነሳ የማታውቁትን ሰው ኢሜይልና ፓስወርድ ከጠየቃችሁ አመስግናችሁ ውጡ። «ጓደኛዬ ይከፍተዋል» የሚለውን አትስሙ። እኔ አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ያ ታብሌት እስከዛሬ ወጥ ቤት የሽንኩርት መክተፊያ ሆኖ ያገለግላል።

የአክስቴ ልጅ ሲሄድ አይፓዱን ይዞት ሄደ። ለሁለት ሳምንት ያህል «ካልፈለግከው ተወው» እያልኩ ቀለድኩ፣ እሱም እየሳቀ ሰማኝ። በመጨረሻ የተወልኝ 70 ዋት ቻርጀሩን ነው።