በኖርዌይ ወደ አዋቂነት መሻገር፦ በቤተ ክርስቲያን ወይስ ያለ ሃይማኖት?

የሉተራን የእምነት ማጽኛ ሥርዓት በኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1736 እስከ 1912 በሕግ ግዴታ ነበር፤ ሃይማኖት የለሽ ሰብዓውያን (ሂዩማኒስቶች) የራሳቸውን ሥርዓት በ1951 ጀመሩ። በሁለቱም ልጆቹ ወደ 15 ዓመት ናቸው፤ ለወራት ይማራሉ።

በቤተ ክርስቲያን ያልተጠመቀ ልጅ ቀድሞ ይጠመቃል፤ በዕለቱ ነጭ ቀሚስ ለብሶ መሠዊያው ፊት ይንበረከካል፣ ይጸለይለታል። ሰብዓውያኑ ዘንድ ቃል ኪዳን የለም፤ ስለ ሥነ ምግባርና ሰብዓዊ መብት ተከራክሮ፣ ስሙ ሲጠራ መድረክ ላይ ይወጣል።

ጠይቆ መረዳትን በማስተማር ሁለተኛው ይበልጣል። የሚሳሳው ከበዓሉ ማግስት ነው፦ ኮርሱ ሲያልቅ አሠልጣኙም ይለያል። ቤተ ክርስቲያን ግን ልጁን በስሙ የሚያውቁ ጎልማሶች አሏት፤ በዓመቱም የታናናሾቹ ረዳት አድርጋ ትጠራዋለች። ሰብዓዊውን የመረጡ ወላጆች ዘመድ ያልሆነ አንድ አዋቂ ልጁን በየወሩ እንዲያገኘው አስቀድመው ይስማሙ።